ስለ ፎረንሲክ ሊቃውንት ትምህርትና ቤተ ሰብ ስለሚያደርግላቸው ርዳታ

ዳኛ ያለ ምስክር አይፈርድም፤ ምስክርም ሁሉ እውነተኛ አይደለም። አንዱ ከፍርሀት የተነሣ ዝም ይላል፤ አንዱ ስለ ዝምድና ያዳላል፤ አንዱ ደግሞ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ይናገራል። ነገር ግን የማይፈራና የማያዳላ፥ ጉቦም የማይቀበል ሌላ ምስክር አለ፤ ይኸውም በግድግዳ ላይ የተረጨ ደም፥ በብርጭቆ ላይ የቀረ የጣት አሻራ፥ በእሾህ ላይ የተያዘ የልብስ ክር፥ በጭቃ ላይ የታተመ የእግር ዳና ነው። የዚህ ምስክር ጕድለቱ አንድ ነው፤ አንደበት የለውም። አንደበት የሚሆነው በሳይንስ መርምሮ ያገኘውን በዳኛ ፊት የሚያስረዳው ዐዋቂ ነው፤ እርሱንም በዛሬው አነጋገር የፎረንሲክ ሊቅ እንለዋለን።

ስለ እንዲህ ያለ ሊቅ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መጻፋችን ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ክፉ ነገር በደረሰበት ስፍራ አስቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደ ሆነ እናስብ። አስቀድማ የምትደርሰው እናት ናት፤ ቀጥሎ የቤት ሠራተኛና ጎረቤት ይመጣል፤ ፖሊስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ሊቁ ግን ከሁሉ በኋላ ነው። እርሱ የሚያገኘው ቤተ ሰቡ ያስቀረለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሊቁ የቱን ያህል ቢማር ሕዝቡ ካላወቀለት ትምህርቱ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ሕዝቡም የቱን ያህል ቢረዳ ሊቁ ትምህርቱን ካቋረጠ ርዳታው ወደ ስሕተት ይመራል። ዛሬ ልንናገረው የወደድነው ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ መገናኘት ነው፤ ምሳሌም አድርገን የሀዋሳን ከተማ እንወስዳለን።

በአገራችን ወንጀል ሲሠራ ሕዝብ በፍለጋው መሳተፉ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚሉት ሥርዓት የአገሩን ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ሰብስበው፥ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው እንዳይሄድ ይከለክሉ ነበር። በዚህ ሥርዓት መልካም የነበረው፥ የአንድ ሰው መበደል የሁሉ ጕዳይ መሆኑ ነው። ክፉው ደግሞ ንጹሑም ከበደለኛው ጋራ እርሻውን ፈትቶ መዋሉ፥ ሐሜትም እንደ ማስረጃ መቈጠሩ ነው። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ወይም የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በዚህ ምክንያት ስንት ንጹሕ ሰው ሀብቱንና ክብሩን እንዳጣ የሚያውቅ የለም። ይህ ልማድ መቅረቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ልብ እናድርግ፤ ሳይንስን ያላጠና ሰው የሊቅነት ስም ይዞ በችሎት ቢቆም፥ ሌባ ሻይ ልብሱን ለውጦ ተመለሰ ማለት ነው።

ሕጋችንም ሐኪምን ወደ ፍርድ ሥራ የጠራው ዛሬ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ34ኛው ቍጥሩ፥ መርማሪው ፖሊስ አስፈላጊ መስሎ ሲታየው የተከሰሰውን ወይም የተበደለውን ሰው የተመዘገበ ሐኪም እንዲመረምረውና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል። ደግሞም የተበደለው ሰው ሳይፈቅድ፥ ሕፃንም ከሆነ ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ሳይፈቅድ እንዳይመረመር ይከለክላል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ሊቁን በቤተ ሰቡ ፈቃድ ደጅ ላይ አቁሞታል። ፈቃድ የሚሰጥ ወላጅ ደግሞ የሚፈቅደውን ነገር ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሀዋሳ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎሜትር ያህል ርቃ በሐይቋ ዳር የተቀመጠችው ይህች ከተማ በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ ስሟም በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ ውሃ ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። በ1992 ዓ.ም. የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተውና በኋላ በከተማይቱ ስም የተጠራው ዩኒቨርሲቲ ሕግንም ሕክምናንም ያስተምርባታል፤ ሆስፒታሉም ከብዙ አውራጃ የሚመጡ በሽተኞችን ይቀበላል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ስለ ተከፈተ፥ ከገጠር የመጡ እጅግ ብዙ ወጣት ሴቶች ከወላጆቻቸው ርቀው በኪራይ ቤት ኖረውባታል። ሕዝብ በበዛበት ከተማ ውንብድናውም ጠቡም ድንገተኛ አደጋውም አብሮ ይበዛል።

ለብዙ ዘመን ግን አጠራጣሪ ሞት ከክፍለ ሀገር ሲመጣ ሬሳው የሚመረመረው በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ይህ ለሐዘንተኛው ምን ማለት እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በልማዳችን የሞተው በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይቀበራል፤ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛ ተሰብስቦ ሳለ ሬሳው መንገድ ላይ ነው፤ የመኪናው ኪራይ አለ፤ የዘመድ ስንቅ አለ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ቤተ ሰብ ምርመራውን እንደ ሁለተኛ ሞት ቈጥሮ፥ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መቅበርን መርጧል። እግዚአብሔርስ በርግጥ ያውቃል፤ ዳኛው ግን አያውቅም። መርዝ ያጠጣው ሰው ከለቀስተኛው ጋራ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል፤ ወይም ማንንም ሳይበድል በድንገተኛ የልብ በሽታ የሞተ ሰው ሚስቱ ገደለችው ተብላ ዕድሜ ልኳን ትታማለች። ያልተመረመረ ሞት የሚጐዳው ሕያዋንን ነው።

ስለ ሬሳ ምርመራ በሰፊው የሚነገረው ፍርሀት ከእውነቱ የበለጠ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ የውጭውን አካል፥ ልብሱንና ቍስሉን አይቶ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የውስጡን አካል ይመረምራል፤ አስፈላጊም ሲሆን ጥቂት ደምና ከአካሉ ጥቂት ለቤተ ሙከራ ይወስዳል። ሲፈጽም አካሉን ሰፍቶና አጥቦ ለወገኖቹ ያስረክባል፤ ከተገነዘም በኋላ ፊቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ ይታያል። ከሐይቅ የወጣ ሬሳን ብንወስድ፥ በውሃ የተገኘ ሁሉ ሰምጦ የሞተ አይደለም፤ ሞቶ የተጣለም አለ። ይህን ለመለየት ሐኪሙ የሳንባውን ሁኔታ፥ በአካሉ ላይ ያለውን ጕዳት፥ የሞተበትን ስፍራና ሁኔታ አንድ ላይ ይመዝናል፤ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈርድም። ይህን ሁሉ ቤተ ሰቡ በልቅሶ መካከል ሊሰማው አይችልም። ስለዚህ ሊቁ ሐዘን ከመምጣቱ አስቀድሞ ወደ ዕድሩ መሄድ፥ የዕድሩን ዳኛና ጸሐፊ፥ ቄሱንም ሼኩንም ፓስተሩንም አግኝቶ ማስረዳት ይገባዋል። አንድ ሰዓት የወሰደ እንዲህ ያለ ንግግር በኋላ ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ለቤት ጌቶችና ለእመቤቶች የሚጠቅመውንም ምክር በአጭሩ እንዘርዝር። አንደኛ፥ ከማስረጃ ሁሉ የሰው ነፍስ ይቀድማል፤ በሕይወት ያለ ሰው ካለ አስቀድማችሁ እርሱን ርዱ። የተሰቀለ ሰው ብታገኙ ገመዱን ከቋጠሮው አርቃችሁ ቍረጡት እንጂ ቋጠሮውን አትፍቱ፤ ቋጠሮው ማን እንዳሰረው ሊናገር ይችላልና። ሁለተኛ፥ ነፍስ እንደሌለ የተረጋገጠ እንደ ሆነ በሩን ዝጉ፤ ደሙን አትጠቡ፤ ወለሉን አትጥረጉ፤ የወደቀውን ዕቃ አታንሡ። እንግዳ ሊመጣ ነው ብሎ ቤት ማሰናዳት የባላገርም የከተማም ደግነት ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ማስረጃን ያጠፋል። ማን እንደ ገባና ምን እንደ ነካ በወረቀት ጻፉ።

ሦስተኛ፥ መርዝ ወይም የተባይ ማጥፊያ የጠጣ ሰው ሲገኝ ጠርሙሱን ወይም ብልቃጡን ከነተረፈው ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ለሐኪሙ ማዳኛውን ያሳየዋል፤ ለዳኛውም ኋላ ማስረጃ ይሆናል። አራተኛ፥ ሌባ የገባበትን ቤት ፖሊስ እስኪያየው ድረስ የመስኮቱን መስተዋትና የሣጥኑን መክደኛ አትንኩ። አምስተኛ፥ ያያችሁትን ሁሉ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለወዳጅ አትበትኑ፤ የሞተውን ሰው ክብር ያጐድፋል፤ ጥፋተኛውንም ያስጠነቅቃል።

ስድስተኛውን ከሁሉ አብልጠን እንናገራለን። ሴት ወይም ልጅ በግድ በተደፈረች ጊዜ እናት አስቀድማ የምታደርገው ማጠብ ነው፤ ልብሱንም ቶሎ ማጥለቅለቅ ነው። የእናት አንጀት ይህን እንደሚያዝ እናውቃለን። ነገር ግን ከሰውነቷ ጋራ የሚታጠበው የበደለኛው ምልክት ነው። ገላዋን ሳትታጠብ፥ ልብሷ ሳይታጠብ፥ የደረቀው ልብስ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ በላስቲክ የታፈነ ርጥብ ልብስ ይሻግታል፤ ማስረጃውም ይበላሻል። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት ሊሰጥ የሚችለው በ72 ሰዓት ውስጥ ብቻ ስለ ሆነ መዘግየት ለጤናዋም አደጋ ነው። ታጥባ እንደ ሆነም ቀረ ብላችሁ አትተዉ፤ ሕክምናው አያመልጣትም፤ ሊቁም ገና የሚያገኘው ነገር ይኖራል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፥ ኋላም በሌሎች ከተሞች፥ ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ስፍራ የሚገኙበት አገልግሎት የተከፈተው፥ የተበደለችው ልጅ ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትቈስል ነው። ለእንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌ ልኮ በካሣ መታረቅ ለልጅቱም ለሌሎች ልጆችም በደል መሆኑን የቤተ ሰብ አለቆች ይወቁት።

ይህ የሕዝቡ ድርሻ ነው። የሊቁ ድርሻ ደግሞ ትምህርቱን አለማቋረጥ ነው። ዲፕሎማ የጕዞ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. በማድሪድ በባቡር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሰው ባለቀ ጊዜ፥ በአንድ የላስቲክ ከረጢት ላይ የጣት አሻራ ተገኘ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ስመ ጥር መርማሪዎች አሻራው በኦሬጎን የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው ብለው ፈረዱ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም መርማሪ አጸደቁት፤ ጠበቃውም ታሰረ። የእስጳንያ ፖሊስ ግን አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ስላገኘ ጠበቃው ተለቀቀ፤ መሥሪያ ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ። በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደ ታየው መርማሪዎቹ አስቀድመው የደረሱበትን አሳብ ይዘው ወደ ኋላ እየተመለሱ ማየታቸው ለስሕተቱ አንድ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ዕውቀት ያላቸው ነበሩ፤ የጐደላቸው ራስን መጠራጠር ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላም በ2009 የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው መግለጫ፥ ከዲ ኤን ኤ ምርመራ በቀር አንድን ምልክት ከአንድ ሰው ጋራ በርግጠኝነት ማገናኘት እንደሚችል በጥብቅ ሳይንስ የተረጋገጠለት ዘዴ እንዳልነበረ አስታወቀ። ከዚህ ወዲህ ለዘመናት እንደ ርግጥ ይቈጠሩ የነበሩት የጥርስ ንክሻና የጠጕር ማስተያየት ምርመራዎች ብዙ ተጠይቀዋል። እንግዲህ ከሃያ ዓመት በፊት የተማረ ሰው በተማረው ብቻ ቢቀመጥ፥ ዛሬ ውድቅ የሆነውን ነገር በቅን ልቡ ለዳኛ እየመሰከረ ሰውን ሊያሳስር ይችላል።

ስለዚህ የሊቁ ትምህርት እነዚህን ነገሮች ይይዛል። አዲስ የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ፥ እርሱ ግን የማያውቀው ፈተና በየጊዜው ተቀብሎ ችሎታውን መመዘን፤ የመጀመሪያውን መርማሪ አሳብ ያልሰማ ሁለተኛ ሰው ሥራውን እንዲያየው ማድረግ፤ እያንዳንዱ ማስረጃ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ በስንት ሰዓት እንደ ተላለፈ መዝገብ መያዝ። ለቤተ ሙከራዎችም አይ ኤስ ኦ 17025 የሚባል በዓለም የታወቀ የሥራ ደንብ አለ፤ መሣሪያው በትክክል መለካቱን፥ ሠራተኛው መሠልጠኑን፥ ስሕተት ሲገኝ መጻፉንና መታረሙን ይጠይቃል። ከዚህም ሁሉ በላይ ሊቁ በአማርኛም በሲዳምኛም ዳኛውና ባለጕዳዩ በሚረዱት ቃል መጻፍን ይማር። «አላውቅም» ማለትንም ይማር፤ ይህ ቃል ከሊቅ አፍ ሲወጣ የዕውቀት ምልክት ነውና። ሹማምንትና የመሥሪያ ቤት አለቆችም ለዚህ የሚወጣውን በጀትና ጊዜ እንደ ቅንጦት አይቍጠሩት፤ ሠልጥኖ የተመለሰውንም ሰው በማይመለከተው ሥራ ላይ አያስቀምጡት።

የሕዝብና የሳይንስ ርዳታ ሲገናኝ የሚሠራውን ለማሳየት አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ አጠገብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983ና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። አንድ ወጣት የሁለተኛዪቱን ልጅ መግደሉን አምኖ ቃሉን ሰጠ። በዚያው ዘመን አሌክ ጄፍሪስ የሚባለው የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በ1984 ሰውን በዲ ኤን ኤ የመለየትን ዘዴ አግኝቶ ስለ ነበር፥ ምርመራው ቢደረግ ሁለቱን የገደለው አንድ ሰው እንደ ሆነ፥ ያመነው ወጣት ግን እንዳልሆነ ታወቀ። እንግዲህ አዲሱ ሳይንስ አስቀድሞ የሠራው ሥራ ንጹሑን ማዳን ነበር። ከዚህ በኋላ በ1987 ከ5000 የሚበልጡ የአካባቢው ወንዶች በፈቃዳቸው ደማቸውንና ምራቃቸውን ሰጡ። በደለኛው ግን አልተገኘም፤ ሌላ ሰው በስሙ እንዲሰጥለት አታልሎ ነበርና። የተገኘው ያ ሌላው ሰው በመጠጥ ቤት ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ በመናገሯ ነው። ኮሊን ፒችፎርክ የተባለው ይህ ሰው በ1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ቤተ ሙከራው ያለ ሴትዮዋ፥ ሴትዮዋም ያለ ቤተ ሙከራው ሥራውን መፈጸም ባልቻሉም ነበር።

የአርጀንቲናም ታሪክ ወደ እኛ አገር የደረሰ ነው። በዚያች አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1976 እስከ 1983 ወታደሮች በገዙበት ዘመን ብዙ ሰው ደብዛው ጠፋ። ልጆቻቸውን ያጡ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ፍለጋ በየአደባባዩ ቆሙ፤ ሳይንቲስቶችንም ወላጆቹ በሌሉበት አያትንና የልጅ ልጅን በደም ማገናኘት ይቻላልን ብለው ጠየቁ። ሊቃውንቱም መንገዱን ፈልገው አገኙ። በ1984 የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ተቋቋመ። ይህ ቡድን በእኛ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋራ በመሥራት በቀይ ሽብር የተገደሉ ሰዎች በጅምላ የተቀበሩበትን ጕድጓድ ቈፍሮ አጥንታቸውን መረመረ። ለቡድኑ ዋናው ረዳት የቤተ ሰቡ ትዝታ ነበር፤ ልጁ በምን ልብስ እንደ ወጣ፥ የቱ ጥርሱ እንደ ወለቀ፥ የቱ እግሩ ተሰብሮ እንደ ዳነ የምታውቀው እናት ናትና። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይህን ለሚጠይቅ ሁሉ ያሳያል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜም፥ በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተለቀሰው በባዶ የሬሳ ሣጥን ላይ ነበር። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሊቃውንት ከዘመዶች የዲ ኤን ኤ ናሙና ወስደው ከወራት ሥራ በኋላ ለየወገኑ የራሱን ዐፅም ለማስረከብ ቻሉ። ለሐዘንተኛ ሰው፥ የቀበርኩት ልጄን ነው ብሎ ማመን ምን ያህል ዕረፍት እንደ ሆነ የቀበረ ያውቀዋል።

ለሀዋሳ ሰው ግን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ፥ ሰርገኞችን የጫነ መኪና ከገላና ድልድይ ወንዝ ገብቶ ቢያንስ 71 ሰዎች ሞቱ። በእንዲህ ያለ ቀን ሬሳውን ከውሃ የሚያወጣው የሰፈር ወጣትና ገበሬ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከሌሎች ጋራ ሆነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ባወጡት መመሪያ፥ በተፈጥሮ አደጋ የሞቱ ሰዎች ሬሳ በሽታ ያመጣል የሚለው ፍርሀት መሠረት እንደሌለው፥ ስለዚህም ተቻኵሎ በአንድ ጕድጓድ መቅበር እንደማይገባ አስረዱ። ለእያንዳንዱ ሬሳ የማይደገም ቍጥር ይሰጠው፤ ፊቱና ልብሱ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በኪሱና በጣቱ ያለው ንብረት ከእርሱ ሳይለይ ይጠበቅ፤ የተገኘበት ስፍራ ይጻፍ። ይህን ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም፤ አንድ ደብተርና አንድ የተማረ የዕድር ጸሐፊ ይበቃል። የሚያስተምረው ግን የፎረንሲክ ሊቅ ነው።

ሊቁ ወደ ሕዝቡ ሲቀርብ ግን አንድ ብርቱ ፈተና ያገኘዋል። በሀዋሳ በመሰለ ከተማ ሁሉ ይተዋወቃል፤ ሊቁም የዕድር አባል ነው፤ ክርስትና ያነሣል፤ ሰርግ ይጠራል። የጎረቤቱ ልጅ የተከሰሰ እንደ ሆነ፥ ወይም የዕድርተኛው ሬሳ ወደ እርሱ የመጣ እንደ ሆነ ምን ያደርጋል? ከሰው ርቆ ይኑር የምንል አይደለንም፤ ከሕዝብ የራቀውን ሊቅ ሕዝብ አያምነውምና። ነገር ግን ዝምድና ያለበትን ጕዳይ በጽሑፍ አስታውቆ ለሌላ ሰው ይልቀቅ፤ በችሎት ስላለ ነገር በድግስ ላይ አይናገር፤ ከባለጕዳይ የማር እንስራ እንኳ አይቀበል፤ ሕዝብ ሲያስተምርም አጠቃላዩን ሥራ ያስረዳ እንጂ የሰውን ምሥጢር ምሳሌ አያድርግ። ሹምም ቢሆን ባለጠጋ «እንዲህ ብለህ ጻፍ» ቢለው ያየውን ብቻ ይጻፍ። አንባቢዎቻችንም ሥልጣን ያላችሁ እንደ መሆናችሁ፥ ከእናንተ የሚጠበቀው ትልቁ ርዳታ ይህን አለመጠየቅ ነው።

ለዚህ ትምህርት ሲዳማ ከራሱ ባሕል የሚያወጣው መልካም መሠረት አለው። የሲዳማ ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰምታችኋልን ማለት ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል፤ ነገሩን ሁሉም ሳይሰማው ፍርድ አይሰጥም። የሚፈልጉትም ሐላሌን ነው፤ ይኸውም እውነት ማለት ነው። አሳቡ ከሳይንስ ጋራ አይጣላም፤ ሳይንስም ሳይሰማ አይፈርድምና። በሀዋሳ ያሉ የፎረንሲክ ባለሙያዎች፥ የሕግና የሕክምና መምህራን ከሽማግሎችና ከዕድር ዳኞች ጋራ በየጊዜው ቢቀመጡ፥ አንዱ ወገን ማስረጃ እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተምራል፤ ሌላው ወገን ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚነገር፥ ለምንስ እንደሚፈራ ያስተምራል። ሊቁም በዚህ ጉባኤ ተማሪ ነው። በትምህርት ቤትም ለልጆች ቢነገር፥ ከነዚያ ልጆች መካከል የነገው መርማሪ ይወጣል።

የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ክፉ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ አይመጣም። ይህን ያነበባችሁትን ለቤት ሠራተኞቻችሁና ለልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ንገሯቸው፤ በሚመጣውም የዕድር ቀን ለማኅበርተኞቻችሁ አስታውቁ። በችሎት የሚቆመው ንጹሕ ሰው የማናችንም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱም ነፃነት አንዲት እናት ባልጠረገችው ወለልና አንድ ሊቅ ባላቋረጠው ትምህርት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።